በሰባት ቋጠሮ የተዘጋ ደብዳቤ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋን የተውናት መብራት በጠፋበት ምሽት ነው፤ ደብዳቤዋን በነጭ ጋውን የታች እጥፋት ውስጥ ሸሽጋ ሰፍታ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ እፎይ ስትል። ያ እፎይታ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየላትም።

ዛሬ ገና የተቀላቀላችሁኝ እንዳትቸገሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለቻት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ አንድ መስታወት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣለች፤ የእጅ ጽሑፏ ግን እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። የምትወዳት ሴት ከመንገዱ ማዶ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ለበሽተኛው ሁሉ መድኃኒት የምትሰጠው ፋርማሲስቷ ናት። አዎ፣ ሴት ሴትን ወደደች። ወንድ ሴትን እንደሚወደው፣ እንቅልፍ እስከማጣት፣ ምግብ እስከመርሳት። በዚያ ከተማ ይህ የታወቀበት ሰው ሥራውን ያጣል፣ ቤቱን ያጣል፣ ሲብስም ከነሕይወቱ አይተርፍም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የተነጋገሩት በጋውን እጥፋት ነበር። ፋርማሲስቷ ጠርዙ ተተረተረ ብላ ጋውኗን ታመጣለች፤ ሰፊዋ የመጣላትን ወረቀት አውጥታ የራሷን ትከትና ትሰፋለች። ጎረቤቷ ጫማ አዳሹ ነገሩ ገርሞት፣ «ይቺ ልጅ ጋውኗን ታኝከዋለች እንዴ?» እያለ ይስቅ ነበር። ሰፊዋም አብራው ትስቃለች።

መጨረሻ የመጣው የፋርማሲስቷ ደብዳቤ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሩቅ ወደሆነ ሆስፒታል ዝውውር ተፈቅዶላታል፤ ዓርብ ትነሣለች። አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይ ብላ ጠይቃለች። ከታች ደግሞ፣ «እሺ ካልሽ ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ ገብቶኛል ማለት ነው፤ ሁለተኛ አልጠይቅሽም» ብላለች።

ሰፊዋ እሺ ብላ ጻፈች። እስከዚያ ቀን በአንድም ደብዳቤ ስም ጽፈው አያውቁም ነበር። በዚህኛው ግን ከላይ የፍቅረኛዋን ስም ከነአባቷ፣ ከታች የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፈች። እሺ የሚባለው በሙሉ ስም ነው ብላ አሰበች። የዋህነቷን እዩልኝ።

እንግዲህ ረቡዕ ነው፣ እኩለ ቀን። ጫማ አዳሹ ምሳውን ሊበላ ሄዷል። ፋርማሲስቷ ገባች። ሌላ ጊዜ ስትገባ አስቀድማ የምታየው ሰፊዋን ነበር፤ ያን ዕለት ወለሉን አየች፣ መኪናውን አየች፣ በመጨረሻ መስታወቱ ውስጥ ያለውን የራሷን ፊት አየች።

«ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት» አለች። «አልቀየምሽም። ፈርተሽ ነው፣ ይገባኛል። ብቻ አንድ መስመር እንኳ... አልችልም ብለሽ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት?»

«ጽፌልሻለሁ እኮ!»

«ጠርዙን በሙሉ ፈታሁት። ጣቴ እስኪደማ ፈለግሁ። ምንም የለም።»

ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሥታ የፋርማሲስቷን ኮሌታ ገለጠች። የሆስፒታሉ ጋውን ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እንዳይምታታባት ከያንዳንዱ ኮሌታ ሥር ባለቀለም ክር ትቋጥራለች። የፋርማሲስቷ ሰማያዊ ነው። ይኸው፣ ሰማያዊ ነው። ታዲያ ደብዳቤው?

መብራት በጠፋበት በዚያ ምሽት ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ጋውን ነበረ። አንዱ የፋርማሲስቷ፣ አንዱ ቀይ ክር ያለበት። ያኛው ልኩ ትልቅ በመሆኑ ሁልጊዜ በጣቶቿ ብቻ ትለየዋለች፤ ኮሌታ መግለጥ አያስፈልጋትም። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ጨለማ ሻማ ለኩሶ ክሩን ያይ ነበር። እሷ ግን ሃያ ዓመት ጣቷን አምና የኖረች ሴት ናት፤ ዳበሰችና ጠባቡን መርጣ ሰፋች። የረሳችው ነገር ቢኖር፣ ባለቀይ ክሩን ጋውን ባለቤቱ ታማ ስለከሳች በሁለቱም ጎን አራት አራት ጣት ያጠበበችው ራሷ መሆኗን ነው፤ ያውም በዚያው ቀን ጠዋት። በማግስቱ ክሩን እያየች ለየባለቤቱ ስትልክ፣ ደብዳቤው ከቀዩ ጋር ሄደ።

«ቀዩ የማን ነው?» አለች ፋርማሲስቷ። መልሱን ግን ታውቀው ነበር።

ቀዩ የሲስተር ነበር።

ሲስተር የፋርማሲስቷ ታላቅ እህት ናት። እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ታናሿን አዝላ፣ አብልታ፣ አስተምራ ያሳደገች፤ እሷ ራሷ ሳታገባ የቀረች። ሠላሳ ዓመት በኦፕራሲዮን ክፍል ነርስነት ሠርታለች። በኮሪደሩ ስታልፍ ሐኪሞቹ እንኳ ሳቃቸውን ይቆርጣሉ። ፋርማሲስቷ የምትፈራውም የምትወደውም ሰው በዓለም ላይ እሷ ነች፤ «እትዬ» ስትላት ድምፅዋ እስከዛሬ የልጅ ድምፅ ይሆናል።

«አንብባው ከሆነ...» አለች ፋርማሲስቷ፣ ዐረፍተ ነገሩንም አልጨረሰችው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ልብስ አጣቢ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች አንዱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት ተገኘበት። ወረቀቱ ከወንድ የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ ነበር፤ ስም የለበትም። ማን ነው የጻፈልህ እያሉ ጓሮ ወስደው ቀጠቀጡት። በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ፤ አከራዩ አልጋውን ከነፍራሹ አውጥቶ መንገድ ላይ ጣለው። አልጋው ሁለት ቀን ዝናብ ሲመታው ቆይቶ ነው የተነሣው። ሰፊዋ ከሱቋ ሆና አየችው። ጫማ አዳሹ ያንን አልጋ እያሳየ ለአላፊ አግዳሚው ቀልድ ሲያወራ፣ ሲስተር ልኬት ልትሰጥ ሱቁ ውስጥ ቆማ ነበር። ሰፊዋ ፈርታ ሳቀች፤ ሰው ሲስቅ ያልሳቀ ይጠረጠራል ብላ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። «ቶሎ ለኪኝ፣ እቸኩላለሁ» ብቻ አለች። ሰፊዋ ያን ፊት ጥላቻ ነው ብላ ነበር የተረጎመችው። ያ ሳቋም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል።

ተካፍለው ለመሄድ ተስማሙ። ፋርማሲስቷ የሆስፒታሉን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ትፈትሻለች፤ ሰፊዋ ደግሞ ሲስተር የማታ ተረኛ ሆና ቀን ቤቷ ስለምትገኝ ወደዚያ ትሄዳለች። ምክንያት ተፈለገ፤ መርፌ እጥፋቱ ውስጥ ረስቻለሁ ትላለች። ልብስ ሰፊ መርፌ ቢረሳ ማን ይጠረጥራል?

ከመለያየታቸው በፊት ፋርማሲስቷ እጇን ያዘችና፣ «እሺ ብለሽ ነበር ወይ የጻፍሽው?» አለቻት።

«እሺ ብዬ ነው።»

ፋርማሲስቷ ዓይኗን ጨፈነች። የሁለት ቀን ሐዘን ከፊቷ ላይ ሲነሣና በቦታው ፍርሃት ሲቀመጥበት ሰፊዋ ቆማ አየች። ደስ ልትሰኝ የሚገባት ሰዓት ነበር፤ እሷ ግን ሱቋን ዘግታ ወጣች።

የሲስተር ቤት ሁለት ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ላይ የፋርማሲስቷ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ የደም ግፊት መለኪያው ከነሣጥኑ ተቀምጧል። ሁሉ ነገር ከመጽዳቱ የተነሣ ሰው እስትንፋሱን እንኳ የሚያቆሽሽ ይመስለዋል።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሰፊዋ ከበሩ ሳታልፍ። «ጋውንዎ ውስጥ መርፌ የረሳሁ መሰለኝ። እንዳይወጋዎት ብዬ ነው።»

ሲስተር ቁስል እንደሚመረምር ሰው አየቻት። ከዚያ «ግቢ» አለች። ጋውኑን ከጓዳ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ፈልጊያ።»

ሰፊዋ እጥፋቱን ገለበጠች። የእሷ ስፌት ከውጭ አይታይም፤ አንድ ክር ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሄዳል። ጣቷ በእሱ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። እዚያ የእሷ ክር ተፈቷል። በቦታው ሰባት ስፌት አለ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተቋጠረ፣ ለብቻው የተቆረጠ፣ እኩል እኩል የተራራቀ። ጨርቅ እንዲህ አይሰፋም። እንዲህ ያለ ስፌት ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጫማ አዳሹን መስታወት የቆረጠው ጊዜ፣ ክንዱ ላይ።

የቁስል ስፌት ነው። ተከፍቷል፣ ታይቷል፣ ተመልሶ ተዘግቷል።

«አንብቤዋለሁ» አለች ሲስተር። «ሁለት ጊዜ።»

ያ መንገድ ላይ የተጣለ አልጋ በሰፊዋ ዓይን መጣ፤ አሁን ግን ፍራሹ የራሷ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ምንም አላደረገች፣ እኔን ያድርጉኝ ልትል አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። ሲስተር እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻት። ጋውኑን አጠፈችና ጭኗ ላይ አደረገችው።

የገባችው የታችኛው ቤት ሴትዮ ነበረች፤ ራሷን ይዟት ግፊቷን ልትለካ። ያለ ግብዣ ተቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ወሬዋን ጀመረች። ስለ ራስ ምታቷ፣ ስለ ውሃው መጥፋት፣ ከዚያም ዞራ ዞራ ስለዚያ ልብስ አጣቢ። ሴቶችም አሉ አሉ እንዲህ ያሉ፣ አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ሰው እኮ ጎረቤቱን አያውቅም። ሰፊዋ የራሷን ጉልበት እያየች ተቀምጣለች።

«እርስዎስ ሲስተር» አለች ሴትዮዋ፣ «እንዲህ ያለ ሰው አጠገብዎ ቢገኝ ምን ያደርጉታል?»

«አፍሽን ዝጊ» አለች ሲስተር። «ስታወሪ ግፊትሽ ይጨምራል።»

የሴትዮዋ ዓይን ሰፊዋ ላይ አረፈ። «አንቺ የሆስፒታሉ በር ላይ ያለሽው ልብስ ሰፊ አይደለሽ? ምን ልትሠሪ መጣሽ? ፊትሽማ እንደ ሊጥ ነጥቷል፤ ሲስተር፣ እሷንም ይለኳት።»

ሰፊዋ መልስ ፈለገች። ያን ሁሉ መንገድ እየደጋገመች ያጠናችው ውሸት ጠፋባት። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። የመለኪያው አየር ቀስ እያለ ይተነፍሳል።

ሲስተር ዓይኗን ከመለኪያው ሳታነሣ፣ «መርፌ ረስታብኝ ነው» አለች። «ያስጠራኋት እኔ ነኝ። መቶ አርባ በዘጠና ነው ግፊትሽ፤ ጨው ቀንሺ፣ ወሬም ቀንሺ።»

ሴትዮዋ እየሳቀች ወጣች። ሲስተር በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈችው። ሰፊዋ ተቀምጣ ቀረች፤ ውሸቷ በሌላ ሰው አፍ ተነግሮ ሲያድናት ሰምታ ለማመን ፈራች። ሲስተር ተመልሳ ተቀመጠችና ጋውኑን እንደገና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ያን ልጅ በጓሮ በር አምጥተው ጣሉት» አለች፤ ስለ ልብስ አጣቢው ነው። «ተረኛው ሐኪም እጄን አላስነካም አለ። ብቻዬን ሰፋሁት። ማደንዘዣ የሚሰጠኝ እንኳ አጣሁ። በያንዳንዱ መርፌ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ? ሲስተር፣ ስሙን አልነገርኳቸውም። ሲስተር፣ ስሙን አልነገርኳቸውም። ጨርሼ እስክነሣ ድረስ ይኸንኑ።»

ሰፊዋ አለቀሰች። «አልጋው የተጣለ ጊዜ ስቄያለሁ እኮ፣ እርስዎ ቆመው ሳሉ ስቄያለሁ» አለች። ሲስተር፣ «አይቻለሁ» አለቻት፤ «እኔም ዝም ብያለሁ፣ ማናችን እንደምንብስ አላውቅም።»

«አሁን ፍቺው።»

ሰፊዋ ሰባቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ በጠሰች። ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው። የራሷ ጽሑፍ ነው፣ ቃሉ ሁሉ እንዳለ ነው። ከላይና ከታች ግን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ ጥግና ጥጋቸው በመቀስ የተስተካከለ። ስሞቹ የነበሩበት ቦታ ነው። በላይኛው ቀዳዳ የጠረጴዛው ላስቲክ ይታያል።

«ስለብሰው እጥፋቱ ተንኮሻኮሸብኝና ፈታሁት። ላቃጥለው ክብሪት ጭሬ ነበር» አለች ሲስተር። «እስቲ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ደገምኩት። ‹አንድ ቀን ፊትሽን መብራት ሳላጠፋ ባየው ይበቃኛል› ብለሽ ጽፈሽላታል። ያ ፊት እኔ አጥቤ ያሳደግሁት ነው።» ቆም አለች። «እውነቱን ልንገርሽ፣ አልገባኝም። ልቤም ገና አልተቀበለውም። ምናልባትም ሳልቀበለው እሞት ይሆናል። ግን የስንቱን ራስ ሰፍቻለሁ፤ የሷን መስፋት አልችልም። ገባሽ? አልችልም።»

ሰፊዋ በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘረጋች፤ ሲስተርም አልያዘችውም፣ አልገፋችውም። ሁለቱ እጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ።

በሩ እንደገና ሲንኳኳ ሁለቱም አብረው ነው የደነገጡት። በዚያች ደቂቃ ነው ሰፊዋ አንድ ነገር የገባት፤ ይህች የምትፈራት ሴት ከሷ እኩል ስትፈራ ነው የሰነበተችው።

ፋርማሲስቷ ነበረች። የሆስፒታሉን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ፈትሻ፣ ምንም አጥታ፣ ሮጣ መጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል። የተፈታውን ጋውን አየች። ወረቀቱን አየች። እህቷን ለማየት ግን ድፍረት አጣች።

«እትዬ...»

«ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ» አለች ሲስተር። ከዚያ ለበሽተኛ ትእዛዝ እንደምትሰጥ፣ አንድ በአንድ፣ ነገረቻቸው። ዓርብ ታናሿ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ሰፊዋ ልትሸኛት መናኸሪያ ድርሽ አትበል። ወር ሲሞላው ሰፊዋ ለጫማ አዳሹ እዚህ ሥራ ቀዘቀዘ እያለች ታወራና ትከተላለች። እዚያ ቤት ሲከራዩ ሁለት አልጋ ይግዙ፤ ሰው ሲገባ ሁለቱም የተነጠፉ ይሁኑ። መጋረጃው ወፍራም ይሁን። ደብዳቤ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የለም፤ አንድ ቤት የሚኖር ሰው ምን ደብዳቤ ያስፈልገዋል?

መጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ። ፋርማሲስቷ ከወንበሯ ወርዳ የእህቷን ጉልበት አቀፈች። ሲስተር ለረጅም ጊዜ አልነካቻትም። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አኖረች፤ ፀጉሯንም በጣቶቿ ከፈል ከፈል እያደረገች ዳበሰቻት፣ ቁስል ካለ እንደሚፈልግ ሰው። ቁስል አልነበረም። ይህን ያየችው ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

ፋርማሲስቷ ያልደረሳትን ደብዳቤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ስትጨርስ ቀና አለች።

«ስሜ የት ሄደ?»

ሲስተር ከደረቷ አንዲት የእንክብል ከረጢት አወጣች፤ ያች ፋርማሲስቷ በቀን መቶ ጊዜ በመስኮቷ የምትሰጣትን ዓይነት። ውስጧ ሁለት የወረቀት ቁራጮች ነበሩ። አሳየቻቸው፣ ግን አልሰጠቻቸውም። መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት።

«ስማችሁ እኔ ጋ ነው» አለች። «የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ ወረቀቱ ላይ ስም የለም። እኔን የሚጠይቀኝ የለም።»

ከውጭ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ ሦስቱም ጆሯቸውን ጣሉ። ኮቴው በሩን አልፎ ሄደ።

ሲስተር ማታ ተረኛ ነበረች፤ ያንኑ ጋውን መልበስ አለባት። ሰፊዋ የተፈታውን ልዝጋው ብላ መርፌዋን ከኮሌታዋ ነቀለች። ክሩን በምራቋ አሹላ ወደ ቀዳዳው አስጠጋች፤ ሳተችው። ደገመች፤ ሳተችው። በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ሆና አታውቅም። በሦስተኛው ላይ ሲስተር መርፌውንም ክሩንም ከእጇ ወሰደች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች፣ በአንድ ጊዜ አስገባችውና መልሳ ሰጠቻት።

ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ባዶውን እጥፋት መስፋት ጀመረች። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ከክፍሉ አልወጣም፣ ዓርብም አብሮ ይሳፈራል። ግን መርፌው ውስጥ ያለው ክር በሌላ ሰው እጅ የገባ ነበር፤ በያንዳንዱ ስፌት ጣቷ ሥር ሲያልፍ ይሰማታል፤ ስፌቷም ቀስ በቀስ እንደ ወትሮው ቀጥ አለ።